በእርግዝና ወቅት የሽንት ቧንቧ ጤንነትና ክትትል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በእርግዝና ክትትል ከደም ግፊትና ከክብደት ጋር ሳይቀር የሚመጣ ነገር ቢኖር ትንሿ የሽንት ዕቃ ናት። ብዙ እናቶች ምን እንደሚፈለግባት ሳይነገራቸው ይመልሷታል፤ ውጤቱም «ደህና ነው» ወይም «ትንሽ ኢንፌክሽን አለ» በሚል አጭር ቃል ያልቃል። ከዚህ በታች ያሉት እናቶች ቤታቸው ከገቡ በኋላ የሚያሰላስሏቸው ጥያቄዎች ናቸው።

ነፍሰ ጡር በመሆኔ ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይበልጥ እጋለጣለሁ?

በከፊል አዎ፤ ግን ምክንያቱ ብዙ ሰው ከሚያስበው ትንሽ ይለያል። የሴት የሽንት መውጫ ቱቦ አጭር ነው፤ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ለፊንጢጣም ቅርብ ነው። ስለዚህ በአንጀት ውስጥ ያለ ጉዳት የሚኖረው ኢ ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ ወደ ፊኛ ለመግባት ብዙ መንገድ አይጠብቀውም። ይህ ያረገዘችም ያላረገዘችም ሴት ላይ እኩል ነው። በሽንት ውስጥ ባክቴሪያ የሚገኝባቸው ሴቶች ቁጥርም በሁለቱ መካከል ያን ያህል አይራራቅም።

ልዩነቱ ከፊኛ በላይ ነው። በእርግዝና ጊዜ የሚጨምረው ፕሮጄስትሮን የተባለ ሆርሞን ከኩላሊት ወደ ፊኛ ሽንት የሚያወርዱትን ቱቦዎች ያላላቸዋል። እያደገ የሚሄደው ማህፀንም ይጫናቸዋል። ማህፀን ብዙውን ጊዜ ወደ ቀኝ ስለሚያዘነብል ጫናው በቀኝ በኩል ይበረታል፤ በነፍሰ ጡሮች ላይ የኩላሊት ኢንፌክሽን በቀኝ ጎን የሚበዛውም ለዚህ ነው። ቱቦዎቹ ሲሰፉና ሲዘገዩ ሽንት በቶሎ አይወርድም፤ በፊኛ ውስጥ ተወስኖ ይቀር የነበረ ባክቴሪያም ወደ ኩላሊት ለመውጣት ጊዜ ያገኛል።

ምንም አያመኝም። ታዲያ ለምን ኢንፌክሽን አለ ተባልኩ?

በዚህ ገጽ አንድ መልስ ብቻ የሚያነቡ ከሆነ ይህ እንዲሆን እመኛለሁ።

በሽንት ውስጥ ባክቴሪያ ተራብቶ ሳለ ሴትየዋ ማቃጠልም ሆነ ሕመም የማይሰማት ሁኔታ አለ። ሐኪሞች «ምልክት አልባ ባክቴሪያ በሽንት» ይሉታል። ከነፍሰ ጡር እናቶች መካከል ከ2 እስከ 10 በመቶ በሚሆኑት ላይ ይገኛል። ያላረገዘች ጤናማ ሴት ላይ ቢገኝ በአብዛኛው ሳይታከም ይተዋል፤ ራሱ ይጠፋል ወይም ምንም ሳያደርግ ይቆያል። በነፍሰ ጡር ላይ ግን እንዲህ በቸልታ አይታይም። ሳይታከም ሲቀር ከጊዜ በኋላ ወደ ኩላሊት ሊወጣ ይችላል። የኩላሊት ኢንፌክሽን ደግሞ እናትን ሆስፒታል የሚያስተኛ፣ አልፎ አልፎም ያለ ጊዜው ምጥ የሚያመጣ ከባድ ሕመም ነው።

ይህን ግንኙነት ግልጽ አድርገው ካሳዩት አንዱ አሜሪካዊው ሐኪም ኤድዋርድ ካስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት ውስጥ 100,000 እና ከዚያ በላይ ባክቴሪያ መገኘቱ እውነተኛ መራባትን ከናሙና ብክለት ለመለየት እንደሚያገለግል አሳዩ። ያ ቁጥር ዛሬም የላቦራቶሪ ወረቀት ላይ አለ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው የእርግዝና ክትትል መመሪያ፣ ምልክት ባይኖርም ባክቴሪያው ከተገኘ የ7 ቀን አንቲባዮቲክ እንዲሰጥ ይመክራል።

ስለዚህ «ሳያመኝ ለምን መድኃኒት እወስዳለሁ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ቢሆንም መልሱ የሚያሻማ አይደለም። መድኃኒቱ የሚሰጠው ሕመሙ ገና ሳይጀምር እንዲቀር ነው።

ምርመራው መቼ ነው የሚደረገው?

የሽንት ካልቸር፣ ማለትም በላቦራቶሪ ባክቴሪያ የማሳደግ ምርመራ፣ በመጀመሪያው የክትትል ቀን ወይም ከ12 እስከ 16 ሳምንት ባለው ጊዜ አንድ ጊዜ ይሠራል። ከዚያ በኋላ በየቀጠሮው የሚሰጡት ሽንት ብዙውን ጊዜ በስትሪፕ፣ ማለትም ሽንት ሲነካው ቀለሙ በሚለወጥ ቀጭን ወረቀት፣ የሚታይ ነው፤ እርሱም በዋናነት ፕሮቲንና ስኳር ይፈልጋል። የስኳር ሕመም ያለባት፣ ከዚህ ቀደም ተደጋጋሚ የሽንት ቧንቧ ወይም የኩላሊት ኢንፌክሽን ያጋጠማት፣ በኩላሊቷ ወይም በሽንት ቧንቧዋ አፈጣጠር ላይ ችግር ያለባት እናት ካልቸሩ ሊደጋገምላት ይችላል። ይህ ታሪክ ካለዎት ሳይጠየቁ ይናገሩ። ክትትል ዘግይተው ከጀመሩም ምርመራው «ጊዜው አልፏል» ተብሎ አይተውም፤ በሄዱበት ቀን ይሠራል።

ስትሪፑ ንጹሕ ነው ካለ ካልቸር ለምን ያስፈልጋል?

ስትሪፑ ባክቴሪያውን ራሱን ሳይሆን አሻራውን ነው የሚያየው። አንደኛው አሻራ ኒትራይት ነው። ኢ ኮላይና መሰሎቹ በሽንት ውስጥ ያለውን ናይትሬት ወደ ኒትራይት ይለውጡታል፤ ለዚህ ግን ሽንቱ ፊኛ ውስጥ 4 ሰዓት ያህል መቆየት አለበት። ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ በየሰዓቱ ልትሸና ትችላለች! ከዚህም ሌላ ኒትራይት ጨርሶ የማይሠሩ ባክቴሪያዎች አሉ። ሁለተኛው አሻራ የነጭ የደም ሴሎች ምልክት ነው፤ እርሱም የማህፀን ፈሳሽ ሲቀላቀልበት ያሳስታል፣ ምልክት አልባ በሆነ ሁኔታም ላይታይ ይችላል።

ኒትራይት ከታየ ኢንፌክሽን የመኖሩ ዕድል ከፍተኛ ነው። ካልታየ ግን የለም ማለት አይደለም። ካልቸር በማይሠራበት ቦታ የዓለም ጤና ድርጅት ከስትሪፕ ይልቅ የግራም ቀለም (ባክቴሪያን ለይቶ የሚያሳይ ቀለም) የተቀባ ሽንት በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ያስቀድማል።

ካልቸር ሌላም ጥቅም አለው። የተገኘው ባክቴሪያ በየትኛው መድኃኒት እንደሚሞትና የትኛውን እንደተላመደ ይናገራል። መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በበዙበት በዚህ ዘመን ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሽንቱን በትክክል እንዴት ልስጥ?

«የመሃል ሽንት» ሲባል ሰምተው ይሆናል። ትርጉሙ የመጀመሪያውንም የመጨረሻውንም ትቶ መሃከለኛውን መቀበል ነው። የመጀመሪያው ሽንት በመውጫው ቆዳ ላይ ያለውን ባክቴሪያ ጠርጎ ስለሚወጣ ውጤቱን ያበላሻል።

መጀመሪያ እጅዎን ይታጠቡ። ከዚያ በአንድ እጅ የብልትን ከንፈሮች ከፈት አድርገው ይያዙ፤ አካባቢውን ከፊት ወደ ኋላ ያጽዱ። ትንሽ ሽንት ወደ መጸዳጃው ይልቀቁ፣ ሽንቱ ሳይቋረጥ ዕቃውን አስጠግተው ይቀበሉ፣ ሲበቃ ዕቃውን አንስተው ቀሪውን ይጨርሱ። የዕቃውንና የክዳኑን ውስጠኛ ክፍል አይንኩ፤ ዕቃውም ሰውነትዎን አይንካ። ሆድ በገፋ ጊዜ ታች ማየት ስለማይቻል ይህ ሁሉ ቀላል አይደለም፤ እግርን ሰፋ አድርጎ መቀመጥ ያግዛል፤ የሚያግዝ ሰው መጠየቅም አያሳፍርም።

ናሙናው ወዲያው ላቦራቶሪ መድረስ አለበት። ከ2 ሰዓት በላይ በክፍል ሙቀት ከተቀመጠ ጥቂት የነበረው ባክቴሪያ ይራባና የሌለ ኢንፌክሽን ያስመስላል። መዘግየቱ የማይቀር ከሆነ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጥ፤ እዚያም ቢሆን ከ24 ሰዓት አይለፍ። ውጤቱ «የተቀላቀለ ባክቴሪያ» የሚል ከሆነ ናሙናው በአብዛኛው ተበክሏል ማለት ነው። እንደገና መስጠት ቢያሰለችም፣ አላስፈላጊ መድኃኒት ከመውሰድ ይሻላል።

ቶሎ ቶሎ ይመጣብኛል። ይህ እርግዝናው ነው ወይስ ኢንፌክሽን?

ቶሎ ቶሎ መሽናት ብቻውን በእርግዝና ጊዜ የተለመደ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ኩላሊት የሚያጣራው መጠን 50 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ በመጨረሻ ደግሞ የሕፃኑ ራስ ፊኛን ስለሚጫን ይበዛል። ሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ መነሳትም ብርቅ አይደለም።

ያልተለመደው ሲሸኑ ማቃጠል፣ ሽንት አልቆ ሳለ ገና የቀረ መምሰል፣ ጠብ ጠብ ለምትል ሽንት መጣደፍ፣ ከእምብርት በታች የሚሰማ ሕመም፣ የደፈረሰ ወይም ደም የተቀላቀለበት ሽንት ነው። ሽታ ብቻውን ብዙ አይነግርም፤ ውሃ ያነሰው ሽንትም ይሸታል። ማቃጠሉ ሽንቱ ቆዳውን ሲነካ በውጭ በኩል ከሆነና ማሳከክና ፈሳሽ ካለው፣ የብልት ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል ይህንኑ ለይተው ይንገሩ። የሁለቱ መድኃኒት አንድ አይደለም።

ቀጠሮዬን ሳልጠብቅ መሄድ ያለብኝ መቼ ነው?

38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና መንቀጥቀጥ፣ ከጎድን አጥንት በታች በጎን ወይም በጀርባ የሚወጋ ሕመም፣ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ካለ ኢንፌክሽኑ ኩላሊት ደርሶ ሊሆን ይችላል። በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ፓራሲታሞል ትኩሳቱን ሊያበርደው ይችላል፤ ትኩሳቱ መብረዱ ግን ኢንፌክሽኑ ቆሟል ማለት አይደለምና በእርሱ ተማምነው አይዘግዩ።

የኩላሊት ኢንፌክሽን በብዛት የሚታየው ከእርግዝናው አጋማሽ ወዲህ ነው። ብዙዎች «ወገብ መቁረጥ የእርግዝና ነገር ነው» ብለው ያሳልፉታል። የእርግዝና የወገብ ሕመም ሲያርፉ ቀለል ይላል፤ ትኩሳትም የለውም። የኩላሊቱ ሕመም ግን ትኩሳት ይዞ ይመጣል፣ በአብዛኛው በአንድ ጎን ያመዝናል፣ ቦታው በእጅ ሲመታም ያስጮኻል። ሆስፒታል ውስጥ ፈሳሽና አንቲባዮቲክ በደም ሥር ይሰጣል፤ ትኩሳቱ ለ24 እስከ 48 ሰዓት ከጠፋ በኋላ በሚዋጥ መድኃኒት ይቀጥላል፣ በድምሩ 14 ቀን ያህል። ካልታከመ ኢንፌክሽኑ ወደ ደም ሊሰራጭ፣ የእናቲቱን ሳንባም ሊጎዳ ይችላል።

ሆድ በየተወሰነ ጊዜ እየጠነከረ የሚለቅ ከሆነ፣ ፈሳሽ ከፈሰሰ ወይም የሕፃኑ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ይህንንም ይናገሩ። ጨርሶ መሽናት አቅቶዎት ታችኛው ሆድዎ ከተወጠረም አይቆዩ። በተለይ ከ12 እስከ 16 ሳምንት ገደማ ወደ ኋላ ያዘነበለ ማህፀን ዳሌ ውስጥ ተይዞ የሽንትን መንገድ ሊዘጋ ይችላል፤ ብርቅ ቢሆንም ድንገተኛ ነው።

አንቲባዮቲኩ ልጄን አይጎዳም?

ይህን ፍርሃት ማንም ሊያጣጥለው አይገባም፤ ከፍርሃት ተነስቶ መድኃኒቱን ሳይናገሩ መተው ግን ይበልጥ ያሰጋል። በእርግዝና ጊዜ ለረጅም ዓመታት ሲሰጡ የቆዩ አንቲባዮቲኮች አሉ፦ ሴፋሌክሲን፣ አሞክሲሲሊን ብቻውን ወይም ከክላቩላኔት ጋር፣ እንዲሁም በ3 ግራም አንድ ጊዜ የሚወሰደው ፎስፎማይሲን።

ሌሎቹ እንደ እርግዝናው ጊዜ ይለያያሉ። ናይትሮፉራንቶይን በመሃከለኛዎቹ ወራት በሰፊው ይሰጣል፤ መውለጃ ሲቃረብ ግን የሕፃኑን ቀይ የደም ሴል ሊሰብር ስለሚችል ይቆማል፣ ጂ6ፒዲ የተባለው ኤንዛይም ለሚያንሳቸው እናቶችም አይሰጥም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሚመረጠው ሌላ አማራጭ ሲጠፋ ነው። ወደ ኩላሊት ሥጋ በበቂ መጠን ስለማይገባም ለኩላሊት ኢንፌክሽን አይሆንም። ኮትራይሞክሳዞል ፎሌት የተባለውን ቫይታሚን ስለሚቃወም በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ የሕፃኑን ቢጫነት ሊያባብስ ስለሚችል ደግሞ በመጨረሻ ሳምንታት ይታለፋል። ዶክሲሳይክሊንና ቴትራሳይክሊን የሕፃኑን ጥርስና አጥንት ስለሚነኩ፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንም ለጥንቃቄ ሲባል በእርግዝና ጊዜ በአጠቃላይ አይመረጡም።

ከቀድሞ ሕመም የተረፈ መድኃኒት ወይም ለጎረቤት የታዘዘ እንክብል አይውሰዱ የምንለው ከዚህ የተነሳ ነው። ያዳናት መድኃኒት ለእርስዎ ሳምንት ላይሆን ይችላል። የፔኒሲሊን አለርጂ ካለብዎትም ሐኪሙ ብዕር ከማንሳቱ በፊት ይንገሩ።

በሁለተኛው ቀን ተሻለኝ፤ ላቁም?

አያቁሙ። ማቃጠሉ የሚጠፋው ባክቴሪያው ሲቀንስ ነው እንጂ ሲያልቅ አይደለም። በ48 ሰዓት ውስጥ ምንም ካልተሻለዎት ግን ተመልሰው ይሂዱ፤ ባክቴሪያው መድኃኒቱን የተላመደ ሊሆን ይችላል።

ተመላልሶ ቢመጣብኝስ?

ብዙ ሐኪሞች መድኃኒቱ ካለቀ ከ1 እስከ 2 ሳምንት በኋላ ካልቸር ደግመው ያያሉ። ባክቴሪያው በተደጋጋሚ ከተመለሰ፣ ወይም አንድ ጊዜ የኩላሊት ኢንፌክሽን ካጋጠመ፣ በየምሽቱ በዝቅተኛ መጠን የሚወሰድ መከላከያ አንቲባዮቲክ ሊታዘዝ ይችላል፤ እስከ ወሊድ፣ አንዳንዴም ከወሊድ በኋላ እስከ 4 ወይም 6 ሳምንት። ምክንያቱን ለማወቅ የኩላሊት አልትራሳውንድም ይነሳል፤ ጠጠር ተደብቆ የሚገኝበት ጊዜ አለ። አልትራሳውንድ ጨረር ስለሌለው ለሕፃኑ አያሰጋም።

በሽንቴ ግሩፕ ቢ ስትሬፕ ተገኘ ተባልኩ። ምን ማለት ነው?

ይህ ባክቴሪያ በብዙ ጤናማ ሴቶች አንጀትና ብልት ይኖራል፤ በወሊድ ጊዜ ወደ ሕፃኑ ከተላለፈ ግን ከባድ ኢንፌክሽን ሊያመጣ ይችላል። በሽንት ውስጥ በየትኛውም መጠን መገኘቱ በብዛት መኖሩን ስለሚያመለክት፣ ምጥ ሲጀምር በደም ሥር አንቲባዮቲክ ይሰጣል፤ በአብዛኛው ፔኒሲሊን ነው። ከመውለድ ቢያንስ 4 ሰዓት ቀድሞ መጀመሩ ይመረጣል። አሁን በሚዋጥ መድኃኒት ቢታከሙም በምጥ ጊዜ የሚሰጠው አይቀርም፤ ባክቴሪያው ተመልሶ ይመጣልና። ውጤቱ በክትትል ካርድዎ ላይ በግልጽ መጻፉን ያረጋግጡ፤ ምጥ ላይ ሆነው ለማስረዳት ይቸገራሉ።

ፕሮቲን ታይቷል ሲሉኝ ደነገጥኩ።

ትንሽ ፕሮቲን ከኢንፌክሽን ወይም ከተቀላቀለ ፈሳሽ ሊመጣ ይችላል፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ በስትሪፕ መታየቱ ፍርድ አይደለም። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ግን ከደም ግፊት ጋር አብሮ ይታያል። ግፊቱ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ፕሪኤክላምፕሲያ (በእርግዝና ጊዜ ከደም ግፊት መጨመር ጋር የሚመጣ ከባድ ሕመም) ይጠረጠራል። ፕሮቲኑም በ24 ሰዓት በተሰበሰበ ሽንት 300 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም በአንድ ናሙና የፕሮቲንና ክሬአቲኒን (ኩላሊት አጣርቶ የሚያስወጣው ቆሻሻ) ንጽጽር ይህንኑ ካሳየ፣ ጉዳዩ ይጸናል። ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከጎድን አጥንት ሥር በቀኝ ወይም በመሃል የሚሰማ ሕመም፣ ድንገተኛ የፊት እብጠት ካለ ውጤት አይጠብቁ፤ ይሂዱ።

ስኳር በሽንት መታየቱ በእርግዝና ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነው፤ ለእርግዝና ስኳር የሚደረገው ትክክለኛ ምርመራ በደም ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ24 እስከ 28 ሳምንት። ኬቶን (ሰውነት በስኳር ምትክ ስብ ሲያቃጥል የሚወጣ ነገር) ከታየ ብዙ እያስመለሰዎት ወይም ሳይበሉ እየቆዩ መሆኑን ይናገሩ።

ስንት ውሃ ልጠጣ? ቀለሙስ ምን ይነግረኛል?

ከ8 እስከ 10 ብርጭቆ ለብዙዎች ይበቃል፤ ሙቀትና ማስመለስ ካለ ይጨምራል። የገረጣ ቢጫ ጥሩ ነው፤ የጠቆረ ሲሆን ይጠጡ። የቫይታሚን እንክብል ሽንትን ደማቅ ቢጫ ያደርጋል፣ ናይትሮፉራንቶይን ደግሞ ቡናማ፤ ሁለቱም አያስደነግጡም። ቀይ ሽንት ግን በቀይ ሥር ካልተመካኘ መታየት አለበት። ሌሊት ብዙ የሚያስነሳዎት ከሆነ ከመኝታ በፊት ባለው ሰዓት የሚጠጡትን ይቀንሱ እንጂ የቀኑን ውሃ አይቀንሱ።

ሽንት አይያዙ። ከግብረ ሥጋ ግንኙነት በኋላ ይሽኑ፤ ግንኙነቱ ራሱ በጤናማ እርግዝና የተከለከለ አይደለም። ሲጸዳዱ ከፊት ወደ ኋላ ይጥረጉ፣ የብልት ውስጥ እጥበትና ሽቶ ያለው ሳሙና ይተዉ። ክራንቤሪ ለነፍሰ ጡሮች እንደሚከላከል የተሰበሰበው ጥናት አላሳየም፤ መጠጣቱ ሳይሆን በመድኃኒት ምትክ ማሰቡ ነው የሚጎዳው።

ስስቅና ሳስነጥስ ሽንት ያመልጠኛል።

በጣም የተለመደ ነው፤ ብዙ ሴቶች አፍረው ስለማይናገሩ ብቻ ብርቅ ይመስላል። አሜሪካዊው ሐኪም አርኖልድ ኬግል እ.ኤ.አ. በ1948 ያስተዋወቁት የዳሌ ወለል ጡንቻ ልምምድ ይረዳል፦ ጋዝ እንዳይወጣ እንደሚይዙ ጡንቻውን ወደ ላይ ይሰብስቡ፣ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ይያዙ፣ ይልቀቁ፤ 10 ጊዜ፣ በቀን 3 ጊዜ። ሽንት እየሸኑ ማቋረጥን ግን ልምምድ አያድርጉት፤ ፊኛ በደንብ ባዶ እንዳይሆን ያደርጋል። የሚወጣው ፈሳሽ ሳያስነጥሱም የሚፈስ፣ የሽንት ሽታ የሌለውና የማይቆም ከሆነ የሽርት ውሃ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ይታዩ።

ከወለድኩ በኋላስ?

ከወሊድ በኋላ ፊኛ ለጥቂት ጊዜ ስሜቱ ሊደነዝዝ ይችላል፤ በተለይ ምጡ ረጅም ከነበረ፣ የወገብ ማደንዘዣ ከተሰጠ ወይም የሽንት ቱቦ ገብቶ ከነበረ። ሞልቶ እያለ ላይሰማዎት ይችላል። በወለዱ ወይም ቱቦው በወጣልዎ በ6 ሰዓት ውስጥ ካልሸኑ፣ ወይም ጠብታ ብቻ ከወጣ ለአዋላጇ ይንገሩ። በእርግዝና ጊዜ የሰፉት፣ ከኩላሊት ሽንት የሚያወርዱት ቱቦዎች ወደ ቀድሞ ሁኔታቸው ለመመለስ ሳምንታት ይወስድባቸዋል። ስለዚህ በአራስነትዎ ትኩሳት ሲይዝዎት ጡትና ማህፀን ብቻ ሳይሆን ሽንትዎም እንዲታይ ይጠይቁ።